«ገዛ» ካልኩ አለቀ አይደል?

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛ ደብተር ነው። የድርሰቱ ርእስ ፋሲካ። ልጅቷ የጻፈችው ጥቂት መስመር ሲሆን ቀይ እስክሪብቶ ያላረፈበት መስመር የለም፤ ከኅዳጉ ላይም «ነጥብ በትክክል አስቀምጪ» የሚል ማስታወሻ አለ። እንግሊዝኛውን እዚህ በፊደላችን የምጽፈው ድምፁን ተከትዬ ነው፤ ነጥቦቹ ግን እሷ ያስቀመጠችባቸው ቦታ ላይ ናቸው፦

«ማይ ፋዘር ቦት. ኤ ቢግ ሄን ማይ ማዘር ኩክድ. ዶሮ ወጥ ዊ ኤት. ኢት ዊዝ ማይ አንት»

አባቴ ትልቅ ዶሮ ገዛ፣ እናቴ ዶሮ ወጥ ሠራች፣ ከአክስቴ ጋር በላነው ነው ነገሩ። ቃላቱ ልክ ናቸው። ቅደም ተከተላቸውም ልክ ነው፤ ለዚህ ዕድሜ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቦታቸውን የሳቱት ነጥቦቹ ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ እንዳጋጣሚ አልተበተኑም፤ ሦስቱም ግሥ እንዳለቀ የተቀመጡ ናቸው። ለምን እዚያ እንዳደረገቻቸው ስትጠየቅ የመለሰችው ይህን ነው፦ «ቦት ማለት ገዛ አይደል? ‹ገዛ› ካልኩ አለቀ አይደል?»

ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምክንያቱም ልጅቷ ልክ ናት፤ በአማርኛ «ገዛ» ከተባለ በእርግጥ አልቋል። ገጹን ሙሉ በቀይ ያስመታት ሕግ አለማወቋ አይደለም። አንድ ሕግ በደንብ ታውቃለች፣ ሳትዛነፍም ትከተለዋለች፤ ሕጉ የአማርኛ መሆኑን ግን የነገራት የለም። መምህሩም አያውቀውም፤ እሱም ሲማር ማንም አልነገረውም።

ግሡ ቀድሞ ሲመጣ

«አባቴ ለፋሲካ ከገበያ ትልቅ ዶሮ» ብሎ ሰው ቢያቆም ሁላችንም አፉን እናያለን። ገዛ? ሸጠ? ሰረቀ? የዓረፍተ ነገሩ ቁልፍ መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱ ሲመጣ በሩ ይዘጋል። አራት ነጥብ የሚያደርገው ጆሯችን አስቀድሞ የጨረሰውን መመስከር ነው። በዚህ የተነሣ አማርኛ ለሚጽፍ ልጅ አራት ነጥብ ችግር ሆኖበት አያውቅም፤ አንዳንዴ ይረሳዋል እንጂ የት እንደሚገባ አይጠፋውም።

እንግሊዝኛ ቁልፉን መጀመሪያ አካባቢ ያስቀምጠዋል። ባለቤቱ፣ ወዲያው ግሡ፣ ከዚያ በኋላ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እያለ ጭራው ይረዝማል። «ማይ ፋዘር ቦት ኤ ቢግ ሄን» ላይ ማቆም ይቻላል፤ «ኢን ዘ ማርኬት» ብሎ መቀጠልም ይቻላል፤ «ኦን ሳተርደይ» መጨመርም ይቻላል። «አሁን አልቋል» ብሎ የሚያንኳኳ ቃል የለም። ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ዝም ያለ ቦታ ነው።

ታዲያ በክፍል ውስጥ የሚነገረው ሕግ ምንድን ነው? «ሙሉ ሐሳብ ሲያልቅ ነጥብ አድርጉ።» ይህ ትርጓሜ ስሕተት የለበትም፣ ጥቅምም የለውም። ሙሉ ሐሳብ የት እንደሚያልቅ ለሚያውቅ ሰው ሕጉ አያስፈልገውም፤ ለማያውቅ ሰው ምንም አይነግረውም። ልጅቷ ቤት ያለው «ሙሉ ሐሳብ» ግሡ ላይ ያልቃል፣ እሷም እዚያው ነጥብ አደረገች።

ሁለተኛው ምክር የትንፋሽ ነው፤ «ትንሽ ስትተነፍሱ ነጠላ ሰረዝ፣ በደንብ ስትተነፍሱ ነጥብ»። ይኼኛው ዕድሜ ጠገብ ነው። ከክርስቶስ ልደት 200 ዓመት ገደማ በፊት የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው የቢዛንቲየሙ አሪስቶፋኔስ ሦስት ከፍታ ላይ የሚቀመጡ ነጥቦችን የፈጠረው ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው የት ምን ያህል እንደሚያርፍ ለማሳየት ነበር። የዛሬው የእንግሊዝኛ ሥርዓት ግን የሚከተለው ትንፋሽን ሳይሆን ሰዋስውን ነው። የትንፋሹ ምክር ደግሞ በጣም የሚጎዳው አንባቢነቱ ገና ያልጠነከረውን ልጅ ነው። ቃል በቃል እየተንገዳገደ የሚያነብ ልጅ በየሁለት ቃሉ ይተነፍሳል፤ ምክሩን በታማኝነት ከተከተለ በየሁለት ቃሉ ሰረዝ ያስቀምጣል። ከዚያ «ሰረዝ አታብዛ» ይባላል። ምን ያድርግ፣ አይተንፍስ?

ነጥቡን ከሚቀጥለው «ማን» ፊት መፈለግ

መፍትሔው ልጁ መጨረሻውን እንዲፈልግ ከማስገደድ ይልቅ የሚቀጥለውን መጀመሪያ እንዲፈልግ ማድረግ ነው። መጨረሻው ዝም ይላል፣ መጀመሪያው ግን ይጮኻል፤ እንግሊዝኛ ባለቤቱን ሳይጠራ አይጀምርምና። ከዚህ በታች ያለው ነጥብ የሌለው ጽሑፍ ለማሳያ ይበቃል፦

«ማይ አንክል ሊቭስ ኢን ጎንደር ሂ ሃዝ ቱ ካውስ ዘ ብላክ ዋን ጊቭስ ሚልክ ኤቭሪ ሞርኒንግ ዊ ድሪንክ ኢት»

መጀመሪያ ልጁ ግሦቹን በእርሳስ ያሰምርባቸው። አራት ናቸው፦ ሊቭስ፣ ሃዝ፣ ጊቭስ፣ ድሪንክ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ግሥ «ማን?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ያክብበው። ማን ይኖራል? ማይ አንክል። ማን አለው? ሂ። ማን ይሰጣል? ዘ ብላክ ዋን። ማን ይጠጣል? ዊ። አሁን ነጥቡ ከእያንዳንዱ ክብ በፊት ይገባል፤ የመጀመሪያው ክብ ከፊቱ ምንም ስለሌለው ይታለፋል፣ የመጨረሻው ነጥብ ደግሞ የጽሑፉ ማብቂያ ላይ ይሆናል። ማመሳከሪያው ቆጠራ ነው፤ አራት ግሥ፣ አራት ክብ፣ አራት ነጥብ። ቁጥሮቹ ካልተስማሙ የሆነ ቦታ ግሥ ተዘሏል ወይም ግሥ ያልሆነ ቃል ተሰምሮበታል።

ፈጣን ልጅ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ይቆማል። «ኤቭሪ ሞርኒንግ» የማን ነው? ላሟ ናት በየማለዳው የምትሰጠው ወይስ እኛ ነን በየማለዳው የምንጠጣው? «ሚልክ» ላይ ነጥብ ካደረግን የምንጠጣው እኛ፣ «ሞርኒንግ» ላይ ካደረግን የምትሰጠው እሷ። ሁለቱም ልክ ነው። ይህን ጥያቄ ያነሣ ልጅ ካለ ቀሪውን ክፍለ ጊዜ ለእሱ መስጠት አያስቆጭም፤ ነጥብ ጌጥ ሳይሆን ትርጉም ቆራጭ መሆኑን ክፍሉ በዓይኑ ያያል።

ዘዴው የሚሰነካከልባቸው ቦታዎች አሉ። «ኢዝ ኩኪንግ» ሁለት ቃል ቢሆንም አንድ ግሥ ነው፣ በአንድ መስመር ይሰመርበታል። «ዎንትስ ቱ ጎ» ላይ ከ«ቱ» በኋላ የመጣው አይቆጠርም። «ሂ ሳት ዳውን አንድ ኤት» ላይ ግሡ ሁለት ክቡ ግን አንድ ስለሆነ የሚታመነው የክቡ ቁጥር ነው። አያያዥ ቃልም አለ፤ ከክቡ በፊት አንድ፣ በት፣ ሶ፣ ቢኮዝ ወይም ዌን ከቆመ በዚያ ቦታ ነጥብ አይገባም። «ቢኮዝ» ላይ አማርኛ ሌላ ወጥመድ ያጠምዳል፤ እኛ «ምክንያቱም አሞኝ ነበር።» ብለን ለብቻው ማቆም እንችላለን፣ ስለዚህ ልጁ «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ.» ብሎ በነጥብ ያጥረዋል። «ቢኮዝ»ን በ«ምክንያቱም» ሳይሆን በ«ስለ» ያስተማረ መምህር ከዚህ ይድናል። «ስላመመኝ» ብሎ ያቆመ ሰው እንዳልጨረሰ ማንም ያውቃል።

ክቡ ሳይታሰብ ሌላም በሽታ ያጋልጣል። አማርኛ ባለቤቱን ግሡ ውስጥ ስለሚሸከም «ዘነበ» ብሎ መተው ይበቃል፤ ልጁም «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ ይጽፋል። ግሡን አሰምሮ «ማን?» ሲል የሚያከብበው ያጣል። ክብ የሌለው ግሥ ሲገኝ ከፊቱ «ኢት» ይጨመር። የዚህ ተቃራኒ ደግሞ «ማይ ብራዘር ሂ ኢዝ ቶል» ነው፤ አንድ ግሥ ሁለት ክብ። አንዱ ይሰረዛል።

ታጥቦስ?

ነጥብ የገባው ልጅ ቀጥሎ የሚታመመው በሰረዝ ነው።

«ሂ ጎት አፕ, ሂ ዎሽድ ሂዝ ፌስ, ሂ ኤት ብሬክፋስት, ሂ ዌንት ቱ ስኩል.»

ብዙ ሰው ይህን የሚያርመው «እዚህ ሰረዝ አይገባም» ብሎ ብቻ ነው። ልጁ ግን ከየት አመጣው? «ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ሄደ።» ከሚለው ነው ያመጣው። እኛ ዘንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር አምስት ስድስት ድርጊት መደርደር ጥሩ አማርኛ ነው፤ የመጨረሻው ግሥ ሁሉንም ጎትቶ ይወስዳቸዋል። የሚጎተቱት ግን ለብቻቸው መቆም የማይችሉ ናቸው። ሰው «ፊቱን ታጥቦ» ብሎ ዝም ቢል አድማጩ «ታጥቦስ?» ማለቱ አይቀርም። «ፊቱን ታጠበ» ቢል ግን «ታጠበስ?» የሚል የለም።

እንግሊዝኛው «ዎሽድ» የቆመው በ«ታጥቦ» ቦታ ሳይሆን በ«ታጠበ» ቦታ ነው። ልጁ ይህን ካየ የሰረዙ ስሕተት በራሱ ይገለጥለታል። በአማርኛ «ተነሣ፣ ታጠበ፣ በላ፣ ሄደ» ብሎ በነጠላ ሰረዝ ብቻ ቢደረድረው ለራሱም ጆሮ ይቆረቁረዋል። ማስተካከያው ሦስት መልክ አለው። በየቦታው ነጥብ ማድረግ አንዱ ነው፤ ልክ ነው፣ ግን ጽሑፉ እንደ ቴሌግራም ይቆራረጣል። ሁለተኛው ሰረዙን እንዳለ ትቶ ከኋላው አያያዥ መጨመር ነው፦ «ሂ ኤት ብሬክፋስት, አንድ ሂ ዌንት ቱ ስኩል.» ለልጆቻችን የሚቀለው ግን ሦስተኛው ይመስለኛል፤ ተደጋጋሚውን «ሂ» ማጥፋት፦

«ሂ ጎት አፕ, ዎሽድ ሂዝ ፌስ, ኤት ብሬክፋስት አንድ ዌንት ቱ ስኩል.»

«ሂ» ሲጠፋ ሰረዙ በአንድ ጊዜ ልክ ሆነ፤ ዓረፍተ ነገሮችን የሚያገናኝ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሰው ድርጊቶችን የሚዘረዝር ሆኗል። ለአማርኛው ሰንሰለትም የቅርብ ዘመድ ነው። ከመጨረሻው «አንድ» በፊት ሰረዝ ይግባ አይግባ የሚለው ጠብ ለወላጅ እንጂ ለልጅ አያስፈልግም። አሜሪካኖቹ ማስገባት ይወዳሉ፣ እንግሊዞቹ አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል። አሜሪካ ያለች አክስትና የእንግሊዝ መጽሐፍ የሚከተል መምህር ያሉት ልጅ ሁለቱንም ማየቱ አይቀርም፤ በአንድ ደብተር ውስጥ አንዱን ይዞ ይቀጥል፣ በቃ።

ፊደላችን የሚረዳበት ቦታ

አማርኛ ሁልጊዜ እንቅፋት አይደለም። «ኤ» እና «አን»ን ለመለየት ከእኛ ፊደል የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። በየመማሪያ መጽሐፉ ያለው ሕግ «አናባቢ ሲከተል አን» ይላል፤ ልጁ አምስቱን አናባቢ ፊደላት ሸምድዶ «አን ዩኒፎርም» ይጽፋል፣ ቃሉ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዩ በሚባለው አናባቢ ይጀምራልና። ወሳኙ ግን ድምፅ ነው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ድምፅ ነው የሚጽፈው። ቃሉን በአማርኛ ጻፈው፤ በ«አ» ቤት ማለትም ከአ እስከ ኦ ካሉት በአንዱ ከጀመረ «አን»፣ በሌላ በማናቸውም ከጀመረ «ኤ»። «አምብሬላ» በአ ይጀምራል፣ አን። «ዩኒፎርም» በዩ ይጀምራል፣ ኤ። «አወር» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ኤች ከፊቱ ቢኖርም በአማርኛ የሚጀምረው በአ ነው፣ አን። «ዋን» በዋ፣ ኤ። የእንግሊዝ ልጅ ይህ ዕድል የለውም።

ባለቤትነትን የሚያሳየው ምልክትም እንዲሁ ነው። «የሳራ ደብተር» ብሎ የሚጀምር ልጅ የቃሉ ቅደም ተከተል እንግሊዝኛውም ላይ ያው መሆኑን ይይ፤ መጀመሪያ ሳራ፣ ቀጥሎ ደብተር። የሚለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የ» ከሳራ ፊት ተነሥቶ ከኋላዋ ይዞርና 'ስ ይሆናል፤ «ሳራ'ስ ቡክ»። ቃሉ አስቀድሞ የብዙ ቁጥር ስ ካለው ምልክቷ ብቻዋን ከኋላ ትቀመጣለች፤ «የልጃገረዶቹ ክፍል» ሲሆን «ገርልስ' ሩም»። «ችልድረን» ብዙ ቢሆንም ስ ስለሌለው እንደ ሳራ ይታያል፤ «ችልድረን'ስ»። አማርኛው ላይ «የ» ከሌለ ምልክቷም የለችም። በየሱቁ ደጃፍ ማንጎና ሙዝ በብዙ ቁጥር ሲጻፉ ከስ በፊት የምትሰቀለው ምልክት የማን ንብረት እንደሆነች ቢጠየቅ መልስ የለም።

ይህ የ«የ» ዘዴ አንድ ቦታ ላይ ይከዳል፣ ልጁ ሳይደርስበት ቀድሞ ቢነገረው ይሻላል። «ኢትስ» «የእሱ» ማለት ሲሆን «የ» ቢኖረውም ምልክት አይወስድም። ዘመዶቹ ሂዝ፣ አወርስ፣ ዜርስ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱም ምልክት የለውም። ምልክት ያለው ኢት'ስ ከ«ኢት ኢዝ» ያጠረው ነው። ሲጠራጠር አስረዝሞ ያንብበው፤ «ኢት ኢዝ» ሲባል ትርጉም ከሰጠ ምልክት ያድርግ፣ ካልሰጠ ይተው።

በስም ላይ የሚጨመረው ስና በግሥ ላይ የሚጨመረው ስ ግን ብዙ ያስለቅሳሉ። ስም ላይ ብዙ ማለት ነው፣ ግሥ ላይ ደግሞ ነጠላ ማለት ነው፤ ማን እንዳሰበው እንጃ። «ዘ ቦይ ራንስ»፣ «ዘ ቦይስ ራን»። ለልጅ የሚገባው እንዲህ ሲባል ነው፤ አንዲት ስ አለች፣ ወይ ስሙ ላይ ትቀመጣለች ወይ ግሡ ላይ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። «ዳዝ» ሲመጣ ደግሞ ስን ይዟት ስለሚመጣ ግሡ ባዶውን ይቀራል፤ «ሂ ዳዝ ኖት ላይክ» እንጂ «ላይክስ» አይባልም። ችልድረንና ሜን ስ ሳይኖራቸው ብዙ ስለሆኑ በዚህ ጨዋታ አይገቡም፣ ለብቻ ይጠኑ።

ካፒታል ላይ ብዙ አልቆይም። ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ ያለው ፊደል የቆጠረ ልጅ 52 ቅርጽ አይከብደውም። የሚያስቸግሩት ሲ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ቪ፣ ደብልዩ፣ ኤክስና ዜድ ናቸው። የነዚህ የሰባቱ ካፒታልና ስሞል ቅርጻቸው አንድ ሆኖ የሚለያዩት በመጠን ብቻ ስለሆነ ተራ ደብተር ላይ ልጁ ሕጉን ያውቅ አይወቅ መለየት አይቻልም። አራት መስመር ያለው የእጅ ጽሑፍ ደብተር ይህን ይፈታል፤ ካፒታሉ የላይኛውን መስመር ይነካል፣ ስሞሉ ከመካከለኛዎቹ ሁለት አይወጣም። «እኔ» የሚለው «አይ» የትም ቢገባ ካፒታል ነው። ቀን፣ ወርና ቋንቋ ካፒታል፤ ወቅቶች ግን አይደሉም። «ማዘር»ን በተመለከተ ደግሞ በቦታዋ «ሳራ» ብለን እንሞክር፤ «ማዘር, ካም ሂር» ላይ ሳራ ትገባለች፣ ካፒታል። «ማይ ሳራ» ግን አያስኬድም፣ ስለዚህ «ማይ ማዘር» በስሞል።

ጥያቄ ምልክቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ የሚያስቸግረው ሰዋስው ነው። አማርኛ ቃል ሳያዛውር ስለሚጠይቅ «ዩ ላይክ ቲ?» ይመጣል፣ ምልክቱ ልክ ነው፣ «ዱ» ጎድሏል። ቃል አጋኖ አንዴ ይበቃል፤ ሦስት ደርድሮ የሚጽፍ ልጅ ከስልክ የተማረ ነው። በነገራችን ላይ ተገልብጦ የሚቆመው የእኛ ትእምርተ ስላቅ ¡ እንግሊዝኛ ውስጥ የለም፤ ልጁ ቢያስገባው ቀይ ይመታበታል እንጂ ቀልዱን የሚረዳው የለም።

እመጣለሁ አለ

«ዳዊት እመጣለሁ አለ።» የሚመጣው ማን ነው? ዳዊት። ምንም ትእምርተ ጥቅስ አላስፈለገም፣ «አለ» ሁሉን አስተካክሎታል። ልጁ ይህንኑ ቃል በቃል ወስዶ «ዳዊት ሴድ አይ ዊል ካም.» ይላል። እንግሊዝ ቢያነበው የሚመጣው ጸሐፊው ነው፤ ዳዊት ስለ እኔ መምጣት ተናገረ ማለት ሆነ። ሰውየው ተለወጠ።

ብዙ ጊዜ የጥቅስ ምልክት እንደ ማስዋቢያ ተቆጥሮ ወደ መጨረሻ ይገፋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ግን ከሌላው ይልቅ ያስፈልገዋል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያለ ምልክት የሚሠራው ዓረፍተ ነገር እንግሊዝኛ ሲሆን ያለ ምልክት ይዋሻልና። ሲያስተምሩት ሥዕል ይቅደም። ዳዊት ይሣላል፣ ከአፉ የወጣው ቃል በፊኛ ይከበባል፣ «አይ ዊል ካም.» ነጥቡም ጭምር ፊኛው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ፊኛው በላጲስ ይጠፋና ግራና ቀኝ ጫፉ ብቻ ይቀራል፤ የቀሩት ጫፎች ጥቅሶቹ ናቸው። ከፊቱ «ዳዊት ሴድ» ተጽፎ ሰረዝ ይከተለዋል፣ ጥቅሱ ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ፊደል ካፒታል ይሆናል፦

«ዳዊት ሴድ, "አይ ዊል ካም."»

ንግግሩ ከቀደመ ነጥቡ ወደ ሰረዝ ይቀየራል፣ ፊኛው ውስጥ ግን ይቆያል፦ «"አይ ዊል ካም," ሴድ ዳዊት.» ጥያቄ ምልክት ከሆነ ሳይቀየር ይቀራል፦ «"አር ዩ ካሚንግ?" አስክድ ዳዊት.» ይህ ሁለተኛው ቅርጽ «አለ»ን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ለእኛ ይቀርባል፤ ቢሆንም ቢያንስ ሁለት ሳምንት በመጀመሪያው ላይ መቆየትን እመርጣለሁ፣ ምልክቶቹ እጅ በሚጽፍበት ተራ ስለሚመጡ። ትእምርተ ጥቅሱን በአማርኛ እንደምናትመው « » አድርጎ የሚያስገባ ልጅም አለ፤ ምልክቱን ማሳየት እንጂ መቆጣት አያሻውም።

ቀዩ እስክሪብቶ

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ካፒታልን፣ ነጥብን፣ ጥያቄ ምልክትንና ቃል አጋኖን የሚጀምረው በመጀመሪያው ዓመት ነው። የዝርዝር ሰረዝና የነጠላ ባለቤትነት ምልክት በሁለተኛው፣ ጥቅስ በሦስተኛው፣ የብዙ ቁጥር ባለቤትነት በአራተኛው፣ እኛ ድርብ ሰረዝ የምንለው ዘመድ ደግሞ በስድስተኛው ይመጣል። እናታቸው ሆድ ሳሉ ጀምሮ እንግሊዝኛ የሰሙ ልጆች ናቸው፣ ስድስት ዓመት ተሰጥቷቸዋል። እኛ ዘንድ እንግሊዝኛ በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል የሚሰጥ ትምህርት ሆነ፤ ብዙ ክፍል ውስጥ ግን ምልክቶቹ በሙሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተዘርዝረው ከነስማቸው ይገለበጡና ይታለፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለአንድ ምልክት ሁለት ሳምንት፣ በቀን አሥር ደቂቃ፣ አራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። መልመጃ መግዛት አያስፈልግም። ልጁ ካነበበው የመማሪያ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ ያለ ነጥብ ይገለበጥለት፣ ይሥራው፣ መጽሐፉን ከፍቶ ራሱ ያርም። ድርሰት ሲታረም ደግሞ የሳምንቱ ምልክት ብቻ ይታረም፣ ሌላው ስሕተት ይታለፍ፤ ይህ ወላጅን ያስከፋል፣ «መምህሩ ስሕተቱን አላየም» ያሰኛል፣ አስቀድሞ መንገር ነው። ስሕተቱንም በቦታው ከማረም ኅዳጉ ላይ «እዚህ መስመር ላይ 2 ስሕተት» ብሎ ቁጥር መጻፍ ይሻላል። ሁለቱን ፈልጎ ማግኘት የልጁ ሥራ ነው። ገጽ ሙሉ ቀለም ያየ ልጅ የሚማረው አጭር መጻፍን ነው፤ ያላወቀውን ቃል ይተዋል፣ ከሦስት ቃል የማያልፍ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ስሕተት የለበትም ይባላል።

የፋሲካዋ ልጅ ግሥ እያሰመረችና ባለቤት እያከበበች ሦስት ሳምንት ሠርታለች። ከዚያ ስለ አክስቷ ቤት ጻፈች፦

«ዊ ዌንት ቱ ማይ አንትስ ሃውስ. ማይ አንት ሴድ አይ አም ሃፒ ቱ ሲ ዩ.»

ነጥቦቹ ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። አንትስ ላይ «የ» ገና አልዞረችም። ደስ ያላት ደግሞ አክስትየዋ ትሁን ልጅቷ፣ እንግሊዝኛው አልነገረንም።